ለደንበኞቻችን፦ ስለ ፈንግል ክትባትና ስለ በረዶው ጉዳይ

ለተከበራችሁ ዶሮ አርቢ ደንበኞቻችን፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት አንዲት የደሴ ደንበኛችን ኮምቦልቻ ሱቃችን ድረስ መጡ። ባዶ የክትባት ብልቃጥ ይዘዋል። «እንካችሁ ውሃችሁን!» ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የከተቧቸው ቄቦች በፈንግል አልቀውባቸዋል፤ አንገታቸው ተጠማዞ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ እያስቀመጣቸው።

ቀስ ብለን ስንጠይቅ ነገሩ ወጣ። ብልቃጡን የሰጠናቸው በፌስታል ነው፣ ያለ በረዶ። እሳቸው ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው ገበያ ዞሩ፤ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሲገቡ መሽቷል። በማግስቱ ከቧንቧ በቀዱት ውሃ በጥብጠው አጠጡ። ጥፋቱ በአብዛኛው የኛ ነው። ሸጥን እንጂ ምን እንደሸጥን አላስረዳንም።

የፈንግል ቫይረስ እንደ ጃርት ነው፤ ላዩ በሙሉ እሾህ። እሾሆቹ ፕሮቲኖች ናቸው፣ ሁለት ዓይነት። አንደኛው ኤችኤን ይባላል፤ ሥራው መያዝ ነው፤ የዶሮዋን ሕዋስ ጨብጦ ይጣበቃል። ሁለተኛው ኤፍ ነው፤ የቫይረሱን ሽፋን ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ያዋህዳል። ያኔ ቫይረሱ ገባ ማለት ነው።

ኤፍ ደግሞ ጉድ አለው። አዲስ ሲሠራ እንደታጠፈ ሰንጢ ነው፤ የሚዘረጋው የዶሮዋ የራሷ ኢንዛይም (ፕሮቲን ቆራጭ በሉት) ሲቆርጠው ነው። ከፈንግል ቫይረሶች ለዘብተኛው ይህን ቆራጭ የሚያገኘው በመተንፈሻና በአንጀት አካባቢ ብቻ ነው። የገዳዩ ቫይረስ ኤፍ ግን በመላ ሰውነት ውስጥ ባለ ኢንዛይም ይቆረጣል። ስለዚህ አንጎል ድረስ ይዘልቃል። ያ የአንገት መጠማዘዝ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኤችቢ-ዋንና ላሶታ የምትሏቸው ክትባቶች እነዚያ ለዘብተኞቹ ናቸው። ሕያው ቫይረሶች ናቸው፤ እሾሃቸው ግን ከገዳዩ ጋር በጣም ይመሳሰላል። የዶሮዋ ሰውነት እነሱን አይቶ አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ፕሮቲን ያመርታል። በኋላ ገዳዩ ሲመጣ አንቲቦዲው ቀድሞ እሾሁ ላይ ይጠመጠማል፤ መያዣውም ሰንጢውም ሥራ ይፈታሉ። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፣ አንድ ሁለት ሳምንት። ዛሬ ከትቦ ነገ «ታመሙብኝ» የሚል ሰው ቫይረሱ ቀድሞት ገብቷል። ክትባት መድኃኒት አይደለም።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንቲቦዲ የሚያውቀው የእሾሁን ቅርፅ ነው። የክትባቱ ቫይረስም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሰውነትን የሚቀሰቅሰው ቅርፁ ሳይበላሽ ሲቀር ነው። ፕሮቲን ሙቀት ሲነካው ምን እንደሚሆን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ አይሆንም። ክትባቱን ለማበላሸት ግን መፍላት አያስፈልግም፤ ቦርሳ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪንም ያው ነው፣ ቫይረሱን ይገድለዋል። ክፋቱ፣ የሞተው ብልቃጥ ከደህናው በዓይን አይለይም።

አንድ ነገር ደጋግማችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ «ጫጩት ሆነው ተከትበዋል፣ ለምን ይደገማል?» ጫጩት ከእናቷ በአስኳል በኩል አንቲቦዲ ይዛ ትፈለፈላለች። ያ የእናት አንቲቦዲ የክትባቱንም እሾህ ይሸፍነዋል፣ ወዳጅና ጠላት አይለይም። በሁለት በሦስት ሳምንት እየሳሳ ሲሄድ ነው ጫጩቷ የራሷን በደንብ የምታመርተው። ድጋሚውን የምንወተውተው ለገበያ ብለን አይደለም (እርግጥ እንሸጣለን፣ አንዋሽም)።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ያለ በረዶ ብልቃጥ አንሰጥም፤ ብትቆጡም። ቤት ስትደርሱ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፤ ፍሪዘር ውስጥ አይደለም። በውሃ የምትሰጡ ከሆነ ውሃው ክሎሪን የሌለው ይሁን። ከቧንቧ ሌላ ከሌላችሁ በሊትር 2 ግራም ያህል ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት ቀድማችሁ በጥብጡበት፤ ወተቱ ክሎሪኑን ያከሽፈዋል። ዶሮዎቹን አንድ ሁለት ሰዓት አስጠሟቸው፣ ከዚያ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ። ዶሮዎቻችሁ ጥቂት ከሆኑ ግን ክትባቱን ዓይናቸው ላይ ማንጠብ ይሻላል። አድካሚ ነው፣ እናውቃለን፤ ነገር ግን እያንዳንዷ ድርሻዋን ታገኛለች፣ መከላከያውም እዚያው ቫይረሱ በሚገባበት በር ላይ ይሠራል።

ለገጠር ዶሮ የሚሆን፣ ሙቀት የሚችል አይ-ቱ የሚባል የክትባት ዘርም አለ። ይችላል ስንል ከሌሎቹ ይሻላል ማለታችን ነው፤ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ አትተውት።

ከባቲ ሰኞ ገበያ ዶሮ ገዝታችሁ በዚያው ቀን ከራሳችሁ ጋር አትቀላቅሉ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዩ።

ለደሴዋ ደንበኛችን አዲስ ብልቃጥ ያለ ክፍያ ሰጥተናል፣ ይቅርታም ጠይቀናል። እንደሳቸው የደረሰባችሁ ካላችሁ ብቅ በሉ፤ አብሽሩ፣ አንጨቃጨቅም። ስትመጡ ፔርሙስ ያዙ። ከሌላችሁ እኛ ጋ ሦስት አሉ፣ እናውሳለን። ግን መልሱልን፤ አራተኛው እስካሁን ወጥቶ ቀርቷል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤቶች፣ ኮምቦልቻ