«ጭንቀት ነው» ተብላ የተመለሰች ሴት ምርመራዋ አላለቀም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምንጽፈው ሆዷን አሟት ሐኪም ዘንድ ሄዳ «ጭንቀት ነው» ተብላ ስለምትመለስ ሴት ነው። በጤና ዓምዶች ላይ ሴሮቶኒን ስለተባለው የነርቭ መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገር ደጋግሞ የሚታተም አንድ አባባል አለ። «ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሆዷ የተስተካከለ ሴት ደስተኛ ናት» ይላል። ፊተኛው እውነት ነው፣ ኋለኛው ግን ከእሱ አይከተልም። አንጀት ያመረተው ሴሮቶኒን ደምንና አንጎልን የሚለየውን አጥር አያልፍም፤ እዚያው ሆኖ የአንጀትን እንቅስቃሴ ይመራል፣ ሕመምንም ለነርቭ ያቀብላል። አንጎል የራሱን ሴሮቶኒን ራሱ ይሠራል። ይህን የምናነሳው ለቃላት ክርክር አይደለም። አባባሉን ያመነች ሴት ገንዘቧን «ደስታ አምጪ» በተባለ እንክብል ላይ ታፈሳለች፤ ሳይሻላት ሲቀር ደግሞ ጥፋቱን በራሷ ላይ ታደርጋለች።

ሆድንና መንፈስን የሚያገናኘው ዋናው መስመር ነርቭ ነው። የአንጀት ግድግዳ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሴሎች አሉት። ቬገስ ከሚባለው ትልቅ ነርቭ ክሮች ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ መልእክት የሚያደርሱት ከሆድ ወደ አንጎል ነው። የተነፋ አንጀት ቀኑን ሙሉ ለአንጎል ሲያወራ ይውላል፤ የተጨነቀ አንጎልም በተራው አንጀትን ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል፣ ጥቂቷን ጋዝ እንኳ እንደ ቁርጠት ያሰማል። «ሆዷን ባር ባር አላት»፣ «ሆድ ባሳት» የምንለው ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ «ጭንቀት ነው» የሚለው ምላሽ ግማሽ እውነት ቢኖረው እንኳ ምርመራውን የሚዘጋ መልስ ሊሆን አይችልም።

በሴቶች ላይ የወር አበባ ዑደት ይጨመራል። እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ከፍ ሲል አንጀት ይዘገያል፤ ድርቀትና መነፋት ይመጣል። ደም ሊመጣ ሲል ሆርሞኑ ይወርድና ማሕፀን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃል። ይህም ጎረቤቱን አንጀትም ስለሚያኮማትር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቅማጥ ይከተላል። ስሜትም የሚወርደው ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን ነው። በአንዱ ሳምንት የመጣች ሴት ድርቀት አለባት ይባላል፣ በሌላው ሳምንት የመጣች ተቅማጥ።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁለት ሙሉ ዑደት መመዝገብ። በቀን አንድ መስመር ይበቃል። በመስመሩ ላይ የዑደቱ ቀን (ደም የጀመረበት 1 ይባላል)፣ ሰገራው ስንት ጊዜ እንደነበርና ቅርጹ፣ ሕመም ከ0 እስከ 10፣ ስሜት ከ0 እስከ 10፣ የእንቅልፍ ሰዓትና የተወሰደ መድኃኒት ይጻፋል። ለቅርጹ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የብሪስቶል መለኪያ 7 ደረጃ አለው፤ 1 እንደ ፍየል በጠጥ የደረቀ፣ 4 ለስላሳና ሳይቆራረጥ የሚወጣ፣ 7 ውኃ የሆነ ነው። ሳይተኙ፣ በየዕለቱ ይጻፍ። ቅዳሜ ተቀምጦ የሳምንቱን ማስታወስ አይሠራም፤ የከፋው ቀን ሌላውን ሁሉ ይጋርደዋል።

መዝገቡ ብዙ ይናገራል። ሆድም ስሜትም ከወር አበባ በፊት ባለው ሳምንት ብቻ ከፍተው ደም ከመጣ በኋላ ከለቀቁ፣ መነሻው ዑደቱ ነው። በወር አበባ ቀናት ሰገራ ሲወጣ ጠልቆ የሚወጋ ሕመም ካለ፣ የአንጀት ችግር ተብሎ ለዓመታት ሊታለፍ የሚችለው ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) ይታሰብ። ወሩን ሙሉ ድርቀት፣ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለትና ድብርት ከተያያዙ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) የደም ምርመራ ይታዘዝ። ድርቀቱ የጀመረው ለደም ማነስ ከሚሰጠው የአይረን (የብረት) ኪኒን ጋር ከሆነ፣ ኪኒኑን በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም፤ ደም ማነስ ራሱ ድብርት የሚመስል ድካም ያመጣል። በየቀኑ ከመውሰድ ፈንታ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይሻላል።

መድኃኒት ላይ የሚፈጠረው ስህተት በአብዛኛው የማስረዳት ጉድለት ነው። ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ለውጡ ግን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ይህ ያልተነገራት ሴት መድኃኒቱን የምትጥለው ሳይሠራ ነው። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድብርት መድኃኒት ደግሞ ማታ ማታ ከ10 ሚሊግራም ጀምሮ ለአንጀት ሕመም ይታዘዛል። ለድብርት ከሚሰጠው በጣም ያነሰ መጠን ነው፤ የሚፈለገውም የሕመም ነርቭን እንዲያረጋጋ ነው። ይህን ሳትሰማ ወረቀቱ ላይ «ለድብርት» የሚል ያነበበች ሴት፣ ሕመሟ እንዳልታመነላት ብታስብ አይፈረድባትም።

ለድርቀት ፉርሽካ መጨመር የተለመደ ምክር ቢሆንም ስሱ አንጀትን ይበልጥ ይነፋል። እንደ ሳይሊየም (የዘር ገለፈት ዱቄት) ያለ የሚሟሟ አሰር ይሻላል፤ በቀን ከ3 እስከ 4 ግራም ተጀምሮ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨመራል። በአንዴ ብዙ ከተወሰደ ጋዙ ያስመርራል፤ ውኃ ካነሰው ድርቀቱ ይብሳል። ቁርስ ከተበላ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት አንጀት በራሱ ይነቃልና ያን ጊዜ እግርን በትንሽ በርጩማ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ሳያምጡ መቀመጥ ይጠቅማል። ከወሊድ በኋላ አንዳንድ ሴቶች ሲያምጡ መከፈት የሚገባው ጡንቻ ይዘጋባቸዋል። ለዚህ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ቢደራረብ መፍትሔ አይሆንም፤ የሚያስፈልገው የጡንቻ ልምምድ ነው። ብዙ ዓይነት ምግብ በአንድ ጊዜ የሚያስቆም አመጋገብም ከ6 ሳምንት በላይ አይቆይ፤ ምግቦቹ አንድ በአንድ ካልተመለሱ የምግብ ፍርሃት ይተካል። የአመጋገብ ሕመም (ከምግብና ከክብደት ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመም) ላለባት ሴት ደግሞ ጨርሶ አይመከርም።

ሰገራ ላይ ደም፣ ምክንያት የሌለው ክብደት መቀነስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ወይም ሕመም ካለ ምዝገባ አይጠበቅም፣ ወዲያው መታየት ነው። ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የመጣና የማይለቅ መነፋት ካለ እንቁላል የሚያመነጨው እጢ (ኦቫሪ) ይመርመር። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያደረባት ሴት በዚያው ቀን እርዳታ ታግኝ። ስንዴ አቁሚ የተባለችም ከማቆሟ በፊት የሴሊያክ (ስንዴ አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) የደም ምርመራ ታድርግ፤ ካቆመች በኋላ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሚቀጥለውን የሴቶች ጤና ጽሑፍ ስታወጡ ከላይ የጠቀስነውን መመዝገቢያ ባዶ ሠንጠረዥ አድርጋችሁ አትሙልን፤ አንባቢዋ ቆርጣ ሐኪሟ ዘንድ ይዛ እንድትሄድ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሴቶች ጤና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች