የቤት በረዶ ጠረን ከየት ይመጣል?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ፣ የፍሪጁ በረዶ ቅቤ ቅቤ ወይም በርበሬ በርበሬ ሸተተ ተብሎ ባለሙያ ሲጠራ፣ አንዳንዴም ደህናው ዕቃ በአዲስ ሲለወጥ አያለሁ። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግን ጥፋቱ የውኃው ነው ወይስ የፍሪዘሩ የሚለው ሊጣራ ይገባል።

ለዚህም ከፍሪጁ የሚቀዳውን ውኃ መቅመስ ይበቃል። ውኃው ራሱ ጣዕሙ ከተበላሸ ነገሩ ከማጣሪያው ወይም ከቧንቧው ነው፤ ማጣሪያው በአብዛኛው በየ6 ወሩ የሚለወጥ ሲሆን፣ ከተለወጠ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው ውኃና በረዶ ይደፋል። በከተማችን በየዓመቱ ብርዱ ሲያበቃ ለጥቂት ሳምንታት ውኃው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው በሚሠሩት ማከሚያ) ፈንታ በክሎሪን ብቻ ስለሚታከም፣ በዚያ ሰሞን ጠንከር ብሎ የሚሰማው የመድኃኒት ሽታ የፍሪጁ ብልሽት አይደለም።

በእኛ ቤት የሚበዛው ግን ውኃው ደህና ሆኖ በረዶው ብቻ የሚሸትበት ነው። ከአገር ቤት በስስ ላስቲክ ተቋጥሮ የመጣ ንጥር ቅቤ፣ በርበሬና ኮረሪማ ፍሪዘር ውስጥ ሲከርም ጠረኑ ላስቲኩን አልፎ ይወጣል፤ ክዳን በሌለው ሳጥን የተጠራቀመው በረዶም ይስበዋል። በብዙ ፍሪጆች አንድ ማራገቢያ የፍሪዘሩንም የታችኛውንም የምግብ ማቆያ ክፍል አየር ስለሚያዘዋውር፣ ሳይከደን የገባ የዶሮ ወጥ ድስት እንኳ ለበረዶው ይተርፋል። ለሳምንታት ሳይነካ የቆየ በረዶ ደግሞ መጠኑ እያነሰ፣ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ይሄዳል፤ እንዲህ ያለው ለመጠጥ ባይቀርብ ይሻላል። ብርድ ተሕዋስያንን ሁሉ አይገድልምና፣ በተለይ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት የሳጥኑ ንጽሕና ችላ ሊባል አይገባም።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። በረዶ መሥሪያውን አጥፍቶ ያለውን በሙሉ መድፋት፣ ሳጥኑን ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውኃ አጥቦ ማለቅለቅና ፈጽሞ ማድረቅ ነው፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ በፈላ ውኃ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ጥንቃቄ ያሻል። ቅቤውና ቅመሙ አፉ በሚገባ በሚገጥም ብርጭቆ ዕቃ ካልተገለበጠ ግን ጠረኑ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል።

ስለዚህ የባልትና ውጤት የምትሸጡ ወገኖቻችን፣ ዋጋው በጥቂቱ ቢጨምርም እንኳ፣ ቅቤና በርበሬ አየር በማያስወጣ ዕቃ አሽጋችሁ እንድታቀርቡልን በጋዜጣችሁ አማካይነት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ