ለቅዳሜና እሁድ የሚሆን የእጅ ሥራ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው ስልክ ላይ «በእጄ የሆነ ነገር መሥራት አምሮኛል፣ ግን ከየት ልጀምር?» ያልሽኝ ከሐሳቤ አልወጣም። በስልክ ሲያወሩት ይበታተናል ብዬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ። በሹራብ አትጀምሪ። ሹራብ ደስ ይላል፤ ግን ሳምንታት ይፈጃል፣ ጀማሪ ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል። ቅዳሜ ጠዋት ጀምረሽው እሁድ ማታ የሚያልቅ ነገር ምረጪ። አንዱን ጨርሰሽ ስታዪው ነው ሌላ ልሥራ የሚልሽ። ዕቃ ለመግዛትም አትሩጪ፣ የሚያስፈልግሽ አብዛኛው ቤትሽ ውስጥ አለ።

እኔ ብሆን በማስታወሻ ደብተር ነበር የምጀምረው። 8 ኤ4 ወረቀት አመሳስለሽ አንድ ላይ መሃል ለመሃል እጠፊ። ሲታጠፍ 32 ገጽ ይወጣዋል። እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ጫን ብለሽ ከላይ እስከ ታች ሂጂበት። በጣት ብቻ ከሆነ አይተኛም፣ ይነፋል።

ለሽፋን ጠንከር ያለ ወረቀት ፈልጊ። ከማጠፍሽ በፊት ግን ቀስ ብለሽ በቁመቱም በወርዱም ለመጥ አድርገሽ ሞክሪው። በአንዱ በኩል እሺ ይላል፣ በሌላው ይገትራል። ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ቃጫው በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚተኛ ነው። እሺ ባለሽ በኩል እጠፊው። በሌላው በኩል ካጠፍሽው እጥፋቱ ላይ ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ይቺ ትንሽ ሙከራ ለካርድም፣ ለሳጥንም፣ ከወረቀት ለሚሠራ ነገር ሁሉ ትጠቅምሻለች፤ ስለዚህ አትዝለያት።

ከዚያ ሽፋኑን አልብሰሽ እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ ብሺ፦ አንዱ መሃል ላይ፣ ሁለቱ ከላይና ከታች ጫፍ 3 ሴንቲሜትር ያህል ገባ ብለው። ወስፌ ከሌለሽ ወፍራም መርፌ ይበቃል። ከውስጥ ወደ ውጭ ብሺው፣ ከሥሩ ካርቶን አድርጊ።

60 ሴንቲሜትር የሚሆን ጠንካራ ክር ውሰጂ። መርፌውን ከውስጥ በመሃለኛው ቀዳዳ አውጪው፣ ጫፉ ላይ አንድ ስንዝር አስቀሪ። በላይኛው ቀዳዳ ወደ ውስጥ መልሽው። አሁን መሃሉን ዝለይና በታችኛው አውጪው፣ በመጨረሻም በመሃለኛው መልሰሽ አስገቢው። ውስጥ ላይ ረጅም ክር ተጋድሞ ታያለሽ። ሁለቱን ጫፎች በዚህ ክር ግራና ቀኝ አድርገሽ ቋጥሪያቸው። ክሩን ስታጠብቂ እጥፋቱን ተከትለሽ ወደ ጎን ሳቢ። ወደ ላይ ከሳብሽው ወረቀቱን ይቀደዋል።

ይኸው ነው። ከጠዋት ከጀመርሽ ለምሳ ሳትቀመጪ ያልቃል።

እሁድን ለሌላ ነገር ተጠቀሚበት። የተረፈ የሱፍ ክር ካለሽ አራት ጣትሽ ላይ ደህና አድርገሽ ጠቅልዪው፣ አውጥተሽ ወገቡን ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው፣ ዳርና ዳሩን ቆርጠሽ በመቀስ አስተካክዪው። ለስላሳ ኳስ ይወጣዋል። ቦርሳ ላይ ስታንጠለጥዪው ያምራል።

ወይም ባዶ ጣሳ የአበባ መትከያ አድርጊው። ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ በሚስማር ስትመቺ ጣሳው እንዳይጨረማመት ውሃ ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው። እስከ አፉ ግን አትሙዪው፣ በረዶ ሲሆን ያብጣል። የጣሳው ጠርዝ እጅ ስለሚቆርጥ በጣም ተጠንቀቂልኝ።

ደብተሩን ስትጨርሺ ፎቶ ላኪልኝ፣ ውስጡን ገልጠሽ ስፌቱ እንዲታይ አድርገሽ። ክሩ ላልቶ ካስቸገረሽ ከመፍታትሽ በፊት ደውዪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።

የምትወድሽ እናትሽ