በደረቱ የማይሳበው፦ የተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን 23 አባላት ነበሩት፤ አብዛኞቹ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው በአንድ ርዕስ ላይ ነው፤ በገበሎ አስተኔዎች፣ በተለምዶ «በደረታቸው የሚሳቡ» በሚባሉት እንስሳት። እኔ እንኳ ወፎችን አስቤ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ።

በመጀመሪያው ስብሰባ «በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳትን ጥሩልኝ» አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰሌዳው ላይ እባብ፣ እንሽላሊት፣ የምድር ትል፣ ጊንጥ፣ እንቁራሪትና አባጨጓሬ ተደረደሩ። ኤሊን የጠራ አንድም ልጅ የለም። ለምን ስል «መምህር፣ እሷ እኮ በእግሯ ነው የምትሄደው» አለኝ አንዱ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲያ ደረትን ትተን አከርካሪንና ቆዳን መመልከት ያዝን፦ አከርካሪ ያለው፣ ቆዳው በደረቅ ቅርፊት የተሸፈነ፣ በሳንባ የሚተነፍስ፣ የሰውነቱን ሙቀት ከውጭ የሚያገኝ። ትሉ፣ ጊንጡና አባጨጓሬው ወዲያው ወደቁ። እንቁራሪት ግን ሁለት ሳምንት አከራከረችን፤ በመጨረሻ ያስወጣት እርጥብና ቅርፊት አልባ ቆዳዋ ነው።

በጥቅምት አንድ ማለዳ ከግቢያችን የጽድ አጥር ላይ እስስት ተገኘች። «መርዝ አላት!» ብለው ግማሾቹ ሸሹ። እስስት መርዝ የላትም። ከነቅርንጫፏ ወደ ክፍል አስገባኋት። በስብሰባ ላይ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ አንዲት ልጅ ተጠግታ ጣቶቿን ቆጠረች፦ በፊት እግሯ ሁለቱ ወደ ውጭ፣ ሦስቱ ወደ ውስጥ፤ በኋላ እግሯ ተገላቢጦሽ። ቅርንጫፉን እንደ ጉጠት ይዛዋለች። አንዱ ዓይኗ እኛን፣ ሌላው መስኮቱ ላይ ያለውን ዝንብ ያያል። ምላሷ ስትወጣ ማንም አላየም፤ ዝንቡ ብቻ ጠፋ። ስትገባ በብርዱ ጠቁራ ነበር፤ ፀሐይ ሲያገኛት ፈካች። ጥቁር ቆዳ ሙቀት ይስባልና። ሰውን «እንደ እስስት» እያልን እንሰድባለን፤ እሷ ግን ቀለሟን የምትለውጠው ሲበርዳት፣ ስትቆጣና ስትፈራ ጭምር ነው። ያኔውኑ ወደ አጥሩ መለስናት።

ስለ ምደባው ባጭሩ፦ በዓለም ከሚታወቁት ወደ 12,000 ከሚጠጉ የገበሎ አስተኔ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንሽላሊቶችና እባቦች ናቸው፤ እስስትም፣ አርጃኖም፣ ዘንዶም ከዚሁ ናቸው። ኤሊዎች ከ350 ይበልጣሉ፤ የአዞ ወገን ግን 30 እንኳ አይሞላም። አራተኛው ቡድን ኒውዚላንድ ውስጥ ብቻ የሚኖረው ቱዋታራ ነው። እንሽላሊት ይመስላል እንጂ አይደለም፤ የቡድኑ ሌሎች አባላት ሁሉ ጠፍተው እሱ ብቻ ቀርቷል። ልጆቹ አዝነውለት በፖስተሩ ላይ ከአዞ አስበልጠው ሳሉት። አላረምኳቸውም።

በመጋቢት በእግራችን ሄደን አራት ኪሎ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጎበኘን። የአርባ ምንጩ የአዞ እርባታ ጉዞ በገንዘብ እጦት ቀረ። በምትኩ ስለ አዞ እንቁላል ተነጋገርን፦ የጎጆው ሙቀት ወደ 32 ዲግሪ ሲጠጋ የሚፈለፈለው በአብዛኛው ወንድ፣ ከ30 ሲወርድ ሴት ነው። «ዓለም ሲሞቅስ?» ብሎ አንዱ ጠየቀ፤ የቀረው ሰዓት በዚያው አለቀ።

በሰኔ የጽዱ አጥር ሊከረከም ሲል አራት ልጆች አትክልተኛውን «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡን» ብለው ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ፈተሹት። አንዲት እስስት አገኙ። የጥቅምቷ ትሁን ሌላ ግን መለየት አልቻልንም።