ለኦክላንድ ተማሪዎች የቤዝቦል ዕቃ ማከማቻ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በኦክላንድና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ውድ ወገኖቻችን፣

እኛ በኦክላንድ ከተማ ልጆቻችንን የምናሳድግ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች፣ ከሌሎች ጎረቤቶቻችን ጋር በመሆን፣ ለከተማዋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቤዝቦል ዕቃ በነጻ የሚያውስ አንድ የጋራ ማከማቻ ለማቋቋም ተነሥተናል። በማከማቻው ግድግዳ ላይም በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ተምረው ስመ ጥር የሆኑ ተጫዋቾችንና ያሠለጠኗቸውን ሰዎች የሚያስታውሱ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሰሌዳዎች ለመስቀል አስበናል። ለሁለቱም ሥራዎች የእናንተን ድጋፍ በአክብሮት እንጠይቃለን። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችን ከገና ጨዋታ በቀር በዱላ ኳስ መምታትን ሳናውቅ ያደግን ስለሆንን፣ ይህ ጉዳይ ምናችን ነው የሚል ጥያቄ ከአንዳንድ አባቶችና እናቶች መነሣቱ አልገረመንም። እኛም በመጀመሪያው ስብሰባችን ያንኑ ጠይቀናል። መልሱን ያገኘነው የትምህርት ቤቶቹን ታሪክ ስንመረምር ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ የያዘን ነገር ኦክላንድ የምትኮራባቸው እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ የተወለዱት ሌላ ቦታ መሆኑ ነው። የቤዝቦል ተጫዋቾቹ ፍራንክ ሮቢንሰን ከቴክሳስ ቦሞንት፣ ቫዳ ፒንሰን ከቴነሲ ሜምፊስ፣ ከርት ፍለድ ከቴክሳስ ሂውስተን፣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ቢል ራስል ከሉዊዚያና ሞንሮ በልጅነታቸው ከቤተሰቦቻቸው ጋር የመጡ ናቸው። በዚያ ዘመን ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች የደቡቡን መድልዎ ሸሽተው፣ በወደቡና በመርከብ መሥሪያው የሚገኘውን ሥራ ተስፋ አድርገው ወደዚህ ይጎርፉ ነበር። ሻንጣ ይዞ በሰው አገር መጀመር ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

በምዕራብ ኦክላንድ የሚገኘው የማክሊመንድስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «የሻምፒዮኖች ትምህርት ቤት» እየተባለ ይጠራል። ይህን ስም እንዲያገኝ ካደረጉት ሰዎች መካከል ዝናው ከደቀ መዛሙርቱ እጅግ ያነሰው ጆርጅ ፖውልስ የተባለው አሰልጣኝ ነው። ፖውልስ ነጭ ነበር፤ ያሠለጠናቸው ልጆች ግን አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ከትምህርት ቤቱ ውጭ የአሜሪካን ሊጅን (የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር) የወጣቶች የቤዝቦል ቡድንንም ያሠለጥን ስለነበር፣ ያ የኦክላንድ ቡድን በ1949 እና በ1950 በተከታታይ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። ከልምምድ በኋላ ልጆቹን ቤቱ እየሰበሰበ ስለ ጨዋታው ያወያያቸው ነበር።

የፖውልስን ሰውነት ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየን ግን የቤዝቦል ሳይሆን የቅርጫት ኳስ ታሪክ ነው። በታዳጊዎቹ ቡድን ውስጥ አሥራ አምስት መለያ ብቻ እያለ አሥራ ስድስተኛ ልጅ ሊያባርር ሲገባው፣ አንዱን መለያ ሁለት ልጆች እየተፈራረቁ እንዲለብሱት ወሰነ። ከሁለቱ አንዱ ያን ጊዜ ቀጭንና ቅልጥፍና የሌለው የነበረው ቢል ራስል ነው፤ በኋላ ከቦስተን ሴልቲክስ ጋር አሥራ አንድ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ራስል። በአንድ መለያ እጥረት ምክንያት ሊጠፋ ይችል የነበረውን ነገር አስቡት። የእኛ ማከማቻ ሐሳብም ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

ከፖውልስ የቤዝቦል ልጆች ቀዳሚው ፍራንክ ሮቢንሰን ነው። በ1956 ከሲንሲናቲ ቡድን ጋር 38 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያሳልፍ ምት) መትቶ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በ1961 ዋናው የቤዝቦል ሊግ ከሚከፈልባቸው ሁለት ሊጎች በአንዱ፣ በናሽናል ሊግ፣ ወደ ባልቲሞር ከተዛወረ በኋላ ደግሞ በ1966 በሌላው፣ በአሜሪካን ሊግ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ፣ በሁለቱም ሊጎች ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ክሊቭላንድ በ1974 በዋናው ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ማናጀር (ዋና አሠልጣኝ) አድርጎ ሾመው፤ ገና ራሱም ይጫወት ስለነበር በ1975 በመክፈቻው ዕለት ሆም ራን መትቶ ሥራውን ጀመረ። ቫዳ ፒንሰን ደግሞ በልጅነቱ መለከት መንፋት ይወድ የነበረ ሲሆን፣ በዋናው ሊግ በቆየባቸው ዓመታት 2,757 ሂት (ኳስ መትቶ በሰላም ቤዝ፣ ማለትም ማረፊያ፣ ላይ መድረስ) አስመዝግቧል፤ ይህን ያህል ሠርቶ እስከ ዛሬ በቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ አለመግባቱ፣ በእኛ አስተያየት፣ የሚያስቆጭ ነው። ትምህርት ቤቱ በዘፈን የምናውቀውን ኤም ሲ ሃመርንም ማስተማሩን ስንነግራቸው ወጣቶቻችን ከሁሉም በላይ የተደነቁት በዚህ ነበር።

ከርት ፍለድ በማክሊመንድስ ጀምሮ ትምህርቱን የፈጸመው በኦክላንድ ቴክ ነው። ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ሲጫወት ከ1963 እስከ 1969 በየዓመቱ ለምርጥ ተከላካዮች የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ሽልማት ወስዷል። እርሱን ግን የምናከብረው ከሜዳ ውጭ ስላደረገው ነገር ነው። በ1969 ቡድኑ ሳያማክረው ወደ ፊላደልፊያ ሲያዛውረው፣ ፈቃዴ ሳይጠየቅ እንደ ዕቃ ልሸጥና ልገዛ አይገባም ብሎ እንቢ አለ፤ ክስም መሠረተ። በጊዜው በሥራ ላይ በነበረው የውል አንቀጽ መሠረት ቡድኑ እስካልለቀቀው ድረስ ተጫዋቹ ዕድሜ ልኩን ወደ ሌላ ቡድን መሄድ አይችልም ነበር። በ1972 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ፈረደበት፤ የተጫዋችነት ሕይወቱም በዚሁ ክስ ምክንያት ጠፋ። ሌሎች ተጫዋቾች በ1975 በግልግል ውሳኔ ያገኙትን ነጻነት እርሱ አልቀመሰውም፤ በስሙ የተሰየመው ሕግ የወጣውም በ1998፣ በ1997 ከሞተ በኋላ ነው። ከኮሚቴያችን አባላት መካከል ወደ አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት በዓረብ አገር ከፋላ በሚባለው፣ ሠራተኛውን ከአሠሪው ጋር በሚያስር ሥርዓት ሥር የሠሩ፣ ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ሥራ መቀየር ያልቻሉ እህቶች አሉ። የፍለድን ታሪክ በስብሰባ ላይ ስናነብ፣ ስለ ቤዝቦል አንዳች የማያውቁት እነርሱ ከሁላችንም ቀድመው ገብቷቸዋል።

ኦክላንድ ቴክ ለብዙዎቻችን ቅርብ ነው፤ የአገራችን ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት የቴሌግራፍ ጎዳና በእግር የሚደረስበት ነው። ሪኪ ሄንደርሰን በ1976 የተመረቀው ከዚያ ነው። እርሱ የሚወደው የአሜሪካን ፉትቦልን ሲሆን ወደ ቤዝቦል የመሩት እናቱ ናቸው። በ2009 ወደ ዝነኞች አዳራሽ ሲገባ ባደረገው ንግግር፣ ቶሚ ዊልከርሰን የተባሉ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ኳስ በመታ ቁጥር፣ ነጥብ ባስቆጠረ ቁጥር፣ ቤዝ በሰረቀ ቁጥር (ኳሱ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ማረፊያ ሮጦ በደረሰ ቁጥር) አንዳንድ ኳርተር እሰጥሃለሁ ብለው ወደ ጨዋታው እንደሳቡት ተናግሯል። ይኸው ልጅ በዋናው ሊግ 1,406 ቤዝ በመስረቅ እስከ ዛሬ ያልተደረሰበት ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ኳርተሯ ዛሬም ሃያ አምስት ሳንቲም ናት፤ መዋጮአችንንም ከእርሷ ለመጀመር ወስነናል።

ይህን ሥራ አሁን ማድረግ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ከ1968 ጀምሮ በዚህች ከተማ የኖረው «አትሌቲክስ» የተባለው የዋናው ሊግ ቤዝቦል ቡድን መስከረም 26 ቀን 2024 በኮሊሲየም የመጨረሻ ጨዋታውን አድርጎ ሄዷል። ሪኪ ሄንደርሰንም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ አርፏል። ልጆቻችን በከተማቸው የሚያዩት የዋናው ሊግ ቡድን ከእንግዲህ የለም፤ የቀረው የትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው።

በእግር ኳስ አንድ ኳስ ለመንደሩ ሁሉ ይበቃል፤ ቤዝቦል ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ጓንት፣ የራስ ቆብ (ሄልሜት) እና ስፓይክ ጫማ ይፈልጋል። ዱላው ከእንጨት ካልተሠራ ለሁለተኛ ደረጃ ውድድር የተፈቀደ ምልክት ያለው መሆን ስላለበት ታናሽ ወንድም የተወው ዱላ አያገለግልም፤ ኳስ ተቀባዩ የሚለብሰው የደረትና የጉልበት መከላከያ ደግሞ ብቻውን ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ በገንዘባችሁ በቅድሚያ የምንገዛው የራስ ቆብና የኳስ ተቀባይ መከላከያ ሲሆን፣ ቀጥሎ የተፈቀዱ ዱላዎችን፣ በመጨረሻም ሰሌዳዎቹን እናሠራለን። ያገለገለ ጓንት በደስታ እንቀበላለን፤ አዲስ ጓንት ደረቅ ስለሆነ እንዳልተገራ በቅሎ ያስቸግራል፣ አሮጌው ግን እጅ ያውቃል። ያገለገለ የራስ ቆብ ግን ስንጥቁ ከውጭ ላይታይ ስለሚችል እባካችሁ አታምጡልን።

ገንዘቡን የሚይዙት ከእድራችን የተመረጡ ሦስት ሰዎች ሲሆኑ፣ ከሦስቱ የሁለቱ ፊርማ ከሌለ ምንም ወጪ አይደረግም። ገቢና ወጪው ከነደረሰኙ በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ የእድሩ አባል ያልሆነም መጥቶ መስማትና መጠየቅ ይችላል። ዕቃው በውሰት የሚሰጠው ለማንኛውም የከተማዋ ተማሪ ነው እንጂ ለእኛ ልጆች ብቻ አይደለም።

መዋጮውን በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ ለገንዘብ ያዦቹ መስጠት፣ ወይም ፈቃደኛ በሆኑ ምግብ ቤቶች ሒሳብ መክፈያው ላይ በምናስቀምጠው ማሰሮ ውስጥ መጨመር ትችላላችሁ። ገንዘብ የሌለው ሰው ጊዜውን ቢሰጠን፣ በተለይም ቅዳሜ ጧት ዕቃ የሚመዘግብና መኪና ያለው፣ ውለታው ትልቅ ነው። የትምህርት ቤቶቹ የጨዋታ ወቅት በየካቲት ስለሚጀምር፣ ልጆቹ ለቡድን ምርጫ ባዶ እጃቸውን እንዳይቀርቡ መዋጮው እስከ ጥር መጨረሻ እንዲደርሰን እንለምናለን።

የማከማቻው አስተባባሪ ኮሚቴ
ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ