የእሁዱ ማጣሪያ፦ ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ኑ

ሰላም ቤተሰብ፣ እሁድ ከምሽቱ 8 ሰዓት (8 PM) በአሜሪካ ኢስተርን አቆጣጠር በዙም ተገናኝተን የሳምንቱን የአሜሪካ አክሲዮኖች አብረን እናጣራለን። የምንፈልገው ዋጋቸው በደንብ ከወጣ በኋላ አረፍ ብሎ በጠባብ ክልል የሚመላለሰውን ነው።

እያንዳንዳችሁ ቢበዛ ሦስት ይዛችሁ ኑ። የፊንቪዝ ድረ ገጽ (Finviz) ነጻ የአክሲዮን ማጣሪያ ይበቃል። የሩብ ዓመት ሽያጩ ከአምናው ተመሳሳይ ሩብ ቢያንስ 25 በመቶ ያደገ፣ ዋጋው ከ50 እና ከ200 ቀን አማካዩ በላይ የሆነ፣ ከዓመቱ ጣሪያም ከ15 በመቶ በላይ ያልራቀ ይሁን። ከዚያ ቻርቱን ራሳችሁ እዩት። እረፍቱ ቢያንስ 5 ሳምንት የቆየ፣ የሳምንቱ ውጣ ውረድ እየጠበበ፣ የግብይቱ መጠንም እየቀነሰ የመጣ መሆን አለበት። ዋጋው እየወረደ ግብይቱ የበዛበት ሳምንት ካያችሁ ተዉት፣ ትልልቆቹ ፈንዶች እየሸጡ ሊሆን ይችላል።

ዋጋው የጠባቡን ክልል ጣሪያ ሲሰብር ግብይቱ ከ50 ቀን አማካዩ ቢያንስ በ40 በመቶ ካልበለጠ አንገባም። የመግቢያ ዋጋ፣ ከወረደ የምትወጡበትን ዋጋና የሚቀጥለውን የገቢ ሪፖርት ቀን ጻፉ። መውጫ የሌለው አይታይም፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

የምትገኙ እስከ ቅዳሜ ማታ የአክሲዮኖቻችሁን ምልክት (ቲከር) እዚሁ ላኩ። ሰዓቱ ወደ 9 ይገፋልን የምትሉም አሁኑኑ ተናገሩ።