የበረዶ ዘገባ ከፍታው ይጻፍበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአውሮፓ ክረምት ሲገባ የውጭ ስፖርት ገጻችሁ ስለ አልፕስ ተራሮች የበረዶ ሸርተቴ ውድድሮችና መዝናኛዎች መዘገብ ይጀምራል። ዘገባው ብዙ ጊዜ «80 ሳንቲሜትር በረዶ አለ፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 5 ነው» ይልና እዚያው ላይ ያበቃል። እኛ ጅማ ውስጥ ጂኦግራፊ የምናስተምር ነን። ጋዜጣውን ተማሪዎቻችን ስለሚያነቡት ይህ አጻጻፍ ቢስተካከል ብለን ነው የምንጽፈው። የትኛው ከፍታ ላይ እንደተለካ ያልተነገረ የበረዶ ቁጥር ለአንባቢ ምንም አያሳውቅም።

ጅማን ራሷን እንውሰድ። የአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያና በስዊዘርላንድ ከሴንት ሞሪትዝ አጠገብ ያለው የሳሜዳን አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ እኛ ጋ ቡና ይለቀማል፤ እዚያ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዲሴምበር 21 ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በጅማ ሰማይ እስከ 59 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በሳሜዳን ግን ከ20 ዲግሪ አትዘልም። ቀኑም እኛ ጋ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ሲረዝም እዚያ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በዚያ ላይ አዲስ በረዶ የለበሰ መሬት ካረፈበት ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ወደ ሰማይ ይልከዋል። ተማሪ «ከፍታችን እኩል ከሆነ ለምን እኛ ጋ አይጥልም?» ሲል መልሱ ይኼው ነው።

እዚያው አልፕስ ውስጥ ግን ነገሩን የሚወስነው ከፍታ ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ሴንት ሞሪትዝ 1,800 ሜትር ላይ 2 ዲግሪ ሆኖ ዝናብ ሲያካፋ፣ ከበላዩ 3,300 ሜትር ላይ ባለው የኮርቫች የኬብል ካር ጣቢያ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 8 ሆኖ ደረቅ በረዶ ይጥላል። ስለዚህ የአልፕስ ትንበያ ውስጥ ዋናው ቁጥር የዜሮ ዲግሪ መስመሩ፣ ማለትም ሙቀቱ ዜሮ የሚሆንበት ከፍታ፣ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ነው። በረዶው ከዚያ መስመር በታች 300 ሜትር ያህል ሳይቀልጥ ይወርዳል፤ መስመሩ 2,000 ላይ ከሆነ እስከ 1,700 ሜትር ድረስ በረዶ ነው፣ ከዚያ በታች ዝናብ። አየሩ 1 ዲግሪ ሲሞቅ መስመሩ 150 ሜትር ያህል ሽቅብ ይሸሻል። 1,200 ሜትር ላይ የተሠሩ መዝናኛዎች የሚቸገሩትም ለዚህ ነው።

ይህ ስሌት የሚፈርስበት ጊዜ አለ። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት የበረዶው ገጽ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ከላዩ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይከብድና ቁልቁል ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ሳሜዳን በእንዲህ ያለ ሌሊት ከበላይዋ ካለው ተዳፋት ይልቅ ቀዝቅዛ ታድራለች። በታኅሣሥ ማለዳ ቦዬ ረግረግ ላይ ጉም ተኝቶ ጅሬን ኮረብታ ላይ ፀሐይ ሲወጣ ያየ የጅማ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። በእንዲህ ያለ ቀን የመንደሩን ሙቀት ብቻ የሚዘግብ ሰው ተራራው ላይ ያለውን አየር ጨርሶ ይስታል።

ሰው ሠራሽ በረዶም በዘገባችሁ ላይ ሲነሳ «ብርድ ከሆነ ይሠራል» ተብሎ ይታለፋል። ብርዱ ብቻውን አይበቃም፤ የአየሩ ደረቅነትም ይቆጠራል። ማሽኑ ውኃውን በጥቃቅን አፍንጫዎች በትኖ በማራገቢያ ሽቅብ ይረጨዋል። የታመቀ አየር ሲለቀቅ ስለሚቀዘቅዝ የመጀመሪያዎቹን የበረዶ ቅንጣቶች ይሠራል፤ ሌላው ጠብታ በእነሱ ላይ ይረጋል። ጠብታው በአየር ላይ እያለ ከራሱ ጥቂት ይተንና በዚያው ይቀዘቅዛል፤ በበጋ የእንስራ ውኃ እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ከዜሮ በላይ 1 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 30 በመቶ ከሆነ ማሽኑ ይሠራል፤ ከዜሮ በታች 1 ሆኖ ጉም ካለ ግን አይሠራም። ባለሙያዎቹ የሚያዩት በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር የሚያነበውን ነው፤ እሱ ከዜሮ በታች 2.5 አካባቢ ሲደርስ ይጀምራሉ። ቸኩለው ከጀመሩ ጠብታው ሳይረጋ መሬት ይደርስና ሌሊቱን ደረቅ ግግር ሆኖ ያድራል፤ በማግስቱ የሸርተቴው ጠርዝ አይዘውም።

ጥልቀቱም ቢሆን ብቻውን አይነገርም። ሣር በለበሰ መስክ ላይ በማሽን የተጠቀጠቀ 30 ሳንቲሜትር በደንብ ያስኬዳል፤ ቋጥኝ በበዛበት ቦታ ላይ ሜትር የሚሆን ለስላሳ በረዶም ላይበቃ ይችላል። ወደ ሰሜን የዞረው ተዳፋት ዱቄት የመሰለውን በረዶ ለቀናት ሲያቆይ፣ ወደ ደቡብ የዞረው በፀሐይ ቀልጦ ማታ ይረጋል። በማርች ወር ያ የደቡብ ተዳፋት ጠዋት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ገጹ ለስልሶ ለሸርተቴ ይመቻል፤ ከቀትር በኋላ ግን ይላሽቅና የበረዶ ናዳ ስጋት ያመጣል።

ነፋስ በዘገባዎቻችሁ ፈጽሞ አይጠቀስም፤ እኛን በጣም ያሳሰበን ይህ ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ለተጋለጠ ቆዳ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ነፋሱ በረዶውን ከአንዱ ጎን ጠርጎ በሌላው ጎን ማከማቸቱ ነው፤ የተከማቸው ንብርብር ከሥሩ ካለው ጋር ካልተያያዘ አንድ ሰው ሲረግጠው ተሰንጥቆ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ነው። የአውሮፓ የናዳ መለኪያ ከ1 እስከ 5 ነው፤ 3 መካከል ላይ ስላለ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ ሰው የሚሞተው ደረጃ 3 በታወጀበት ቀን ነው። 5 በታወጀ ቀን መንገዱም ኬብል ካሩም ስለሚዘጋ ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው የለም፤ ደረጃ 3 በታወጀበት ቀን ግን ሰው ከተደለደለው መስመር እየወጣ ይንሸራተታል።

የውድድር ዘገባም ይህን ይፈልጋል። ሮቤል ተክለማርያም እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሎምፒኮች ላይ ለኢትዮጵያ በአገር አቋራጭ ሸርተቴ ሲወዳደር ተመልካቹ የተነገረው ደረጃውን ብቻ ነው። በዚህ ስፖርት ግን ከሸርተቴው ሥር የሚቀባው ሰም የሚመረጠው በበረዶው ሙቀት ነው፤ ሁለት ዲግሪ ከተሳሳቱ ሸርተቴው ወይ ይጣበቃል ወይ ወደ ኋላ ያንሸራትታል። ያኔ በ2010 የቫንኩቨሩ ኦሎምፒክ ሌላ የውድድር ስፍራ በነበረው ሳይፕረስ ተራራ ላይ ሙቀቱ በርትቶ በረዶ በካሚዮንና በሄሊኮፕተር ሲጋዝ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው። በየዘገባው የታችኛውና የላይኛው ጣቢያ ከፍታና ጥልቀት፣ መጨረሻ የጣለበት ቀን፣ የዜሮ ዲግሪ መስመሩ፣ ነፋሱና የናዳው ደረጃ ይጻፍ። ሁለት መስመር ይበቃዋል። ቦታ ከጠበበ ነፋሱንና የናዳውን ደረጃ አታስቀሩ፤ እነ ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ ልጅ ወይም ወንድም ያላቸው አንባቢዎቻችሁ ብዙ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጂኦግራፊ መምህራን፣ ጅማ